የእርባታ ሥፍራ ዕቅድ፤ መሬት፣ አጥርና የቆርቆሮ በረት

አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ከብት ለማርባት ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ቤት ማቆም ነው። ገንዘቡ በቆርቆሮና በብረት ላይ ያልቅና ውሃው ሳይጠራቀም፣ አጥሩ ሳይታጠር፣ መሬቱም ሳይታከም በጋው ይደርሳል። ከብቶቹ ከከሱ በኋላ የሚደረገው ሩጫ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የእርባታ ሥፍራ ከመቋቋሙ በፊት ምን ምን መታሰብ እንዳለበት በዚህ ምንባብ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ 100 ሔክታር የግጦሽ መሬትና 30 ከብቶች አሏችሁ እንበል።

ሀ. መሬቱን ማወቅና ማሻሻል

የዕቅድ መጀመሪያ መሬቱን ተዘዋውሮ ማየት ነው። በክረምት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ በበጋ እርጥበት የት እንደሚቆይ፣ ምስጥ የሚበዛበትና የጥላ ዛፍ ያለበት ቦታ የትኛው እንደሆነ በንድፍ ላይ ይመዘገባል። ተዳፋት በሆነው ክፍል፣ ተዳፋቱን አቋርጦ በእኩል ከፍታ ላይ የሚሄድ እርከን ቢሠራ፣ የውሃው ፍጥነት ይቀንሳል፤ አፈሩም አይታጠብም። ጎርፍ መቦርቦር በጀመረበት ቦታ ደግሞ ቦዩ ሳይሰፋ በድንጋይ ክትር መገደብ ይገባል።

ቁጥቋጦ መመንጠርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቦረና የግጦሽ መሬት ሣር ማቃጠል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተከለከለ በኋላ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ እየበዛ ሣሩን አጥብቦታል። ሆኖም ብዙዎቹ የግራር ዓይነቶች ከተቆረጡ በኋላ ከጉቶአቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። በመሆኑም ምንጠራው ጉቶን መከታተልንና ለሣሩ የዕረፍት ጊዜ መስጠትን ይጨምራል። ቦረናዎች ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ከልለው የሚያቆዩት «ካሎ» የተባለው ግጦሽ፣ መሬትን ማሳረፍ ከጥንት የታወቀ ጥበብ መሆኑን ያሳያል።

ለ. አጥሩን ማስላት

የአጥር ወጪ የሚወሰነው በመሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በቅርጹም ጭምር ነው። 100 ሔክታሩ 1,000 ሜትር በ1,000 ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያው 4,000 ሜትር ይሆናል። ይኸው ስፋት 2,000 ሜትር በ500 ሜትር ቢሆን ግን ዙሪያው 5,000 ሜትር ነው። ምሰሶ በየ4 ሜትሩ ቢተከልና ሽቦው 4 ረድፍ ቢሆን፣ የመጀመሪያው 1,000 ምሰሶና 16,000 ሜትር ሽቦ ሲፈልግ፣ ሁለተኛው 1,250 ምሰሶና 20,000 ሜትር ሽቦ ይፈልጋል። አንድም ከብት የሚጨምር ግጦሽ ሳይገኝ ወጪው በሩብ ከፍ አለ ማለት ነው።

በአራት ማዕዘኑ መካከል ሁለት የውስጥ አጥሮች ተሻግረው ቢታጠሩ፣ ተጨማሪው ርዝመት 2,000 ሜትር ብቻ ሲሆን መሬቱ በ4 ክፍል ይከፈላል። አንዱ ሲጋጥ ሦስቱ ያርፋሉ። የውሃው ገንዳ አራቱ ክፍሎች በሚገናኙበት መካከለኛ ቦታ ቢቀመጥ፣ አንዱ ገንዳ ለሁሉም ያገለግላል።

ስለ ምሰሶው ስናስብ፣ የሐበሻ ጥድ ምስጥን ሲቋቋም፣ መድኃኒት ያልተቀባ ባሕር ዛፍ ግን በቶሎ እንደሚበላ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሽቦው ውጥረት የሚያርፈው በማዕዘን ምሰሶዎች ላይ ስለሆነ፣ እነርሱ ከሌሎቹ ይልቅ ወፍራምና ደጋፊ ያላቸው መሆን አለባቸው። ሽቦ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቅንጭብ ሕያው አጥር ይሆንለታል፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይንን ስለሚጎዳ ሲቆረጥ መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን አጥሩ የማንን መንገድ እንደሚዘጋ መጠየቅ ያሻል። ጆሴፍ ግሊደን የተባለው የአሜሪካ ገበሬ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ እሾህ ሽቦ፣ እንጨት ባጠረባቸው ሜዳዎች በፍጥነት ተስፋፋ። በ1883 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ድርቅ በገባ ጊዜ፣ የውሃና የግጦሽ መንገድ የተዘጋባቸው ሰዎች አጥሩን በሌሊት እየቆረጡ ጣሉ፤ ደምም ፈሰሰ። በ1884 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አጥር መቁረጥን ከባድ ወንጀል ሲያደርግ፣ ባለ አጥሩም የሕዝብ መንገድ በሚያቋርጥ አጥሩ ላይ በር እንዲያበጅ አስገደደ። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40፣ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የጎረቤት መንጋ ወደ ጉድጓድ የሚሄድበትን መንገድ ከካስማው በፊት መለየት፣ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋርም መምከር የዕቅዱ ዋና ክፍል ነው።

ሐ. የቆርቆሮውን በረት ማቆም

በረቱ የሚሠራው ውሃ በማይተኛበት፣ ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ነው። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚመታው አጭሩን ጎን ብቻ ይሆናል። ቆርቆሮ ቀን በቶሎ ስለሚግልና ሌሊት በቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ በጣራው አናት ላይ የሞቀ አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተዋል። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን ነው። የብረት ምሰሶዎች እግርም በሽንትና በፋንድያ እንዳይበላ ከወለሉ ከፍ ባለ የሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቆማል። ነፋስ ጣራውን እንዳያነሣው ምሰሶው ከመሠረቱ፣ ጣራውም ከምሰሶው ጋር በብሎን ይታሰራል።

የቆርቆሮ ጣራ ትልቁ ጥቅም ግን ውሃ መሰብሰቡ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሰጣል። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጣራ፣ 700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት 140,000 ሊትር ይቀበላል። አምስት እጅ ተከፍሎ አንዱ እጅ ቢባክን እንኳ 112,000 ሊትር ይቀራል። ይህን ለመያዝ 8 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በሲሚንቶ የተለበጠና የተከደነ ጉድጓድ ይበቃል። አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ ከክረምቱ መጨረሻ የሞላው ጉድጓድ 30ውን ከብቶች ከ120 ቀናት በላይ ያጠጣል። አሸንዳና ጉድጓድ ያልታሰበለት በረት ግን ይህን ሁሉ ውሃ ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል፤ ጎርፉም በተራው ማሳውን ይቦረቡራል።

እንግዲህ መሬቱ፣ አጥሩና በረቱ ተያይዘው የሚታሰቡ እንጂ የተለያዩ ሥራዎች እንዳልሆኑ ተመልክታችኋል። ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ሥራውን በየዓመቱ ማከፋፈል ይቻላል፤ ዕቅዱ ግን ከመጀመሪያው ሙሉ መሆን አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእርባታ ሥፍራም ይሠራል፤ የፈሰሰው ውሃ ከሆነ ግን የሚለቀም ነገር የለም።

መልመጃ

1. 100 ሔክታሩ 4,000 ሜትር በ250 ሜትር ቢሆን ዙሪያው ስንት ይሆናል? ውጤቱን ከምንባቡ ጋር በማነጻጸር በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላትን ከምንባቡ አውጥታችሁ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡአቸው።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ አጥር ለምን እንደታጠረና የማንን መንገድ እንደሚነካ ጠይቃችሁ፣ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።