ከቅድመ ካንሰር ለውጥ እስከ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፦ የማህፀን በር ካንሰር የዕድገት ሂደትና በጌዴኦ ዞን የሕክምና ጊዜ ጥያቄ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው፣ ከማህፀን በር ጠፍጣፋ ሕዋሳት የሚነሣው ዓይነት ነው። በሽታው በድንገት የሚከሰት አይደለም። ለዓመታት የሚቆይ፣ በምርመራ ሊታይና በቀላል ሕክምና ሊወገድ የሚችል የቅድመ ካንሰር ደረጃ አለው። ሆኖም ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና ተቋም የሚደርሱት ይህ ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ የለውጡን ሂደት ያብራራል፤ ቀጥሎም በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ሁኔታ ውስጥ በምርመራና በሕክምና መካከል ያለው ጊዜ ወሳኝ የሚሆንበትን ምክንያት ያሳያል።

ለውጡ የሚነሣበት ስፍራ

የማህፀን በር ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው። ውጫዊው ክፍል በበርካታ ንብርብር በተደራረቡ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ሲሆን፣ የውስጡ ቦይ ዝልግልግ ፈሳሽ በሚያመነጩና በአንድ ረድፍ በተደረደሩ ሕዋሳት ይሸፈናል። በጉርምስናና በእርግዝና ወቅት የቦዩ ሽፋን ወደ ውጭ ይገለጣል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ በጠፍጣፋ ሕዋሳት ይተካል። ይህ መተካት የሚካሄድበት ስፍራ የሽግግር ቀጣና ይባላል። ቅድመ ካንሰር ለውጥ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ቀጣና ነው። ከማረጥ በኋላ ቀጣናው ወደ ቦዩ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን የሚደረግ ምርመራ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል።

ከቫይረስ ወደ ቅድመ ካንሰር

የበሽታው ዋና መንስኤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። የጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 የቫይረሱን ዓይነት 16 እና ዓይነት 18 ከካንሰር ናሙናዎች ለይቶ አሳየ፤ ተመራማሪውም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እነዚህ ሁለት ዓይነቶች በዓለም ላይ ለሚከሰተው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ምክንያት ናቸው።

ቫይረሱ በጥቃቅን ጭረቶች አልፎ ወደ ታችኛው የሕዋስ ንብርብር ይገባል። አብዛኛው ኢንፌክሽን በሰውነት የመከላከል አቅም በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። አደጋው የሚመጣው ቫይረሱ ሳይጠፋ ሲቆይ ነው። በዚህ ጊዜ ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ የሚያስቆመውን ፒ53 እንዲበሰብስ ያደርጋል፤ ኢ7 ደግሞ የሕዋስ መባዛትን የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ሥራ ያሰናክላል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ከሥራ ውጭ የሆኑበት ሕዋስ የዘረመል ስሕተት እየተጠራቀመበት መባዛቱን ይቀጥላል።

ለውጡ በሽፋኑ ውስጥ በያዘው ከፍታ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲይዝ አንደኛ ደረጃ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያ ሲያልፍ ወይም ሙሉውን ሽፋን ሲይዝ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። አንደኛው ደረጃ በአብዛኛው ያለ ሕክምና ይመለሳል። ሦስተኛው ግን የካንሰር እውነተኛ ቀዳሚ ነው።

በሦስተኛው ደረጃና በካንሰር መካከል ያለው ወሰን ከሽፋኑ ሥር የተዘረጋው ስስ የመሠረት ሽፋን ነው። ከዚህ ወሰን በላይ የደም ሥርም የሊምፍ ሥርም ስለሌለ፣ ለውጡ ምንም ያህል የከፋ ቢመስል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሠራጭም። ወሰኑ ሲጣስ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ተጀመረ ይባላል። ለውጡ ከወሰኑ በላይ እስካለ ድረስ ሕመምም ሆነ ደም መፍሰስ አያስከትልም፤ ሴቲቱ ራሷን ጤነኛ አድርጋ ትቆጥራለች። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከማረጥ በኋላ ደም መታየቱ ብዙውን ጊዜ ወሰኑ አስቀድሞ መጣሱን የሚያመለክት ነው።

የጊዜው ርዝመት

ሕክምና ያላገኘ ሦስተኛ ደረጃ ለውጥ ምን ያህሉ ወደ ካንሰር እንደሚሸጋገር በሙከራ ማጥናት ከሥነ ምግባር ውጭ ነው። ያለው ማስረጃ የተገኘው ከአንድ አሳዛኝ ታሪክ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ በአንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1976 ለውጡ ከተገኘባቸው ሴቶች የተወሰኑት ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በ2008 የታተመው የመዝገብ ጥናት እንዳሳየው፣ በቂ ሕክምና ካላገኙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ ካንሰር ይዟቸዋል። በአግባቡ ከታከሙት መካከል ግን ቁጥሩ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ለውጡ ወደ ካንሰር ለመድረስ በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ፣ በተለይም የኤችአይቪ ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ይህ ጊዜ ወደ 5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው።

የጌዴኦ ዞን ሁኔታ

በአገራዊው መርሐ ግብር መሠረት ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የሚሰጠው የተለመደ ምርመራ ቪአይኤ ነው። ባለሙያዋ በቤት ውስጥ አቼቶ የሚባለው ፈሳሽ የያዘውን አሴቲክ አሲድ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ መጠን፣ በማህፀን በር ላይ ትቀባለች፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተለወጠው ክፍል ነጥቶ ይታያል። ውጤቱ ወዲያው ስለሚታወቅ፣ ለውጡ ትንሽ ከሆነና ወደ ቦዩ ካልገባ በዚያው ዕለት በክራዮቴራፒ በማቀዝቀዝ ወይም በተርማል አብሌሽን በማሞቅ ይወገዳል። ሁለተኛው ዘዴ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያ ስለሚጠቀምና የጋዝ ሲሊንደር ስለማይፈልግ ለጤና ጣቢያ ይበልጥ ይመቻል።

የቪአይኤ ዋና ጥንካሬ ይኸው «አይቶ በዚያው ማከም» ነው እንጂ የምርመራው ጥራት አይደለም። ውጤቱ በባለሙያዋ ዓይን ላይ ስለሚመሠረት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል፤ በተራ ብግነት ምክንያት የነጣው ክፍልም ቅድመ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የመታከሚያ መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም ባለሙያዋ ተዛውራ ሴቲቱ በቀጠሮ ከተሸኘች፣ ምርመራው ያለው ብልጫ ከእጅ ይወጣል።

ቀጠሮ በጌዴኦ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዞኑ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ሕዝብ በቡናና በእንሰት የሚተዳደርበት ደጋማና ወይናደጋ ምድር ነው። ከቡሌ ወይም ከገደብ ገጠር ቀበሌ ወደ ዲላ መምጣት የአንድ ቀን ሥራንና የመጓጓዣ ገንዘብን ይጠይቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት የቤተሰቡ ጉልበት ሁሉ በማሳ ላይ ይውላል። አንዳች ሕመም የማይሰማት ሴት በዚህ ወቅት ለሁለተኛ ጊዜ ትመለሳለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ለውጡ ሰፊ ሆኖ በሊፕ ተቆርጦ መውጣት ሲያስፈልገው ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የመሰለ ተቋም መላክ ግድ ነው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል፤ በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

የተሻለ ምርመራና ያልተዘጋ ክፍተት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከቪአይኤ ይልቅ የቫይረሱን ዘረመል የሚለየው ምርመራ ቅድሚያ እንዲሰጠው መክሯል። ይህ ምርመራ ለውጡን የማግኘት አቅሙ የላቀ ነው፤ ናሙናውንም ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች። ነገር ግን ናሙናው ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ከመጣ፣ ቪአይኤ የዘጋው ክፍተት እንደገና ይከፈታል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ጂንኤክስፐርት መሣሪያ የዚህን ቫይረስ ምርመራ በአንድ ሰዓት ገደማ ማጠናቀቅ መቻሉ፣ ጥራትንና ፍጥነትን ማጣመር እንደሚቻል ያመለክታል።

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው ክትባት የወደፊቱን ሸክም ይቀንሳል። ዛሬ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ግን የሚጠበቁት በምርመራና በሕክምና ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ቅድመ ካንሰር ለውጥ ለጤና ሥርዓቱ ረጅም ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው የሚባክነው ለውጡ ሳይታይ ሲቀርና ከታየም በኋላ ሳይታከም ሲቆይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2030 ካስቀመጣቸው ሦስት ግቦች አንዱ፣ በሽታው ከተገኘባቸው ሴቶች 90 በመቶው ሕክምና እንዲያገኙ የሚለው መሆኑም ይህንኑ ያጸናል። ስለዚህ በዞኑ የሚካሄዱ ጥናቶች ስንት ሴቶች ተመረመሩ ከሚለው ጥያቄ አልፈው፣ ለውጥ ከተገኘባቸው መካከል ስንቶቹ በዚያው ዕለት ታከሙ፣ የተላኩትስ ስንቶቹ ደረሱ፣ ከዓመት በኋላስ ስንቶቹ ለክትትል ተመለሱ የሚሉትን ቢለኩ፣ ለጤና ጣቢያዎች ሥራ ቀጥተኛ ጥቅም ይሰጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በጤና ጣቢያ መዝገብና በሪፈር ወረቀት ላይ የሚሰፍር ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት በአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት አቅም ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው።