ባሕር ማዶ ገበያ የሚጸናው በናሙና ታማኝነት ነው



የአገራችን ነጋዴ ስለ ባሕር ማዶ ንግድ ሲነጋገር ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ «ገዢ ከወዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የተገኘው ገዢ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይገዛናልን?» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ሽያጭ ይባላል እንጂ ገበያ ማቅናት አይባልም። ገበያ ቀና የሚባለው ገዢው ሳይጠራ ሲመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ ጀምሮ በአንድ የቅባት እህልና የጥራጥሬ ላኪ ቤት በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ውሉን የምጽፍ፥ ሰነዱን ለባንክ የማቀርብ፥ ከገዢ የሚመጣውን ምስጋናም ሆነ ወቀሳ አስቀድሜ የማነብ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ያየሁትን ነው።

የሦስት ኮንቴይነር ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤታችን ለአንድ የባሕር ማዶ ጣሂና አምራች ሦስት ኮንቴይነር ሰሊጥ ለመሸጥ ተዋዋለ። እያንዳንዱ ኮንቴይነር 380 ጆንያ፥ እያንዳንዱ ጆንያ 50 ኪሎ፥ በድምሩ 57 ቶን ነበር። አስቀድመን የላክነው ናሙና ንጽሕናው 99 በመቶ ነበረ፤ በውሉም ላይ የሰፈረው ይኸው ቁጥር ነው። ክፍያው በባንክ በኩል ሰነዱ ሲቀርብ የሚፈጸም ሆነ።

መርከቡ የሚነሣበት ቀን ሲቀርብ በመጋዘናችን ያለው የተበጠረ ሰሊጥ ጎደለ። የመጋዘን ሠራተኞቻችን ከሌላ ነጋዴ መጋዘን በችኰላ ገዝተው ጨመሩበት። ሰሊጡ ለዓይን ያው ሰሊጥ ነው፤ ነገር ግን ዳግመኛ አልተበጠረም። የመጀመሪያው ኮንቴይነር ደረሰ፤ ገዢውም ሰነዱን ተቀብሎ ከፈለ። ዕቃውን አስመርምሮ ያገኘው ንጽሕና ግን 97 በመቶ ሆነ።

ሁለት በመቶ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከ19 ቶን ውስጥ በውሉ የተፈቀደው ባዕድ ነገር 190 ኪሎ ነበር፤ የተገኘው 570 ኪሎ ሆነ። ገዢው በ380 ኪሎ አፈርና ገለባ ላይ የሰሊጥ ዋጋ ከፍሎአል፤ የማጓጓዣውንም እንዲሁ። ጣሂና የሚሠራ ሰው ደግሞ ከወፍጮው ውስጥ አሸዋ ሲገባ ኪሳራው የሚቆጠረው በኪሎ አይደለም።

ሁለቱ ኮንቴይነሮች ገና በባሕር ላይ ነበሩ። ገዢው የእነርሱን ሰነድ አልቀበልም አለ። ዕቃው ከወደቡ ደርሶ ቆመ፤ የወደቡ ኪራይና የኮንቴይነሩ መዘግየት ክፍያ በየቀኑ ይቈጠር ጀመር። ወደ ጂቡቲ ማስመለስ ከዕቃው ትርፍ በላይ የሚያስወጣ ነበረ። በዚያው ከተማ ሌላ ገዢ ሲፈለግ፥ ዕቃው እንደ ተጣለ የሰማ ሁሉ ዋጋውን እጅግ ዝቅ አደረገ።

የማገለግላቸው ሽማግሌ ነጋዴ በዚያ ሳምንት ጠሩኝና «ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዱ ስለ አየር ጠባይና ስለ መንገድ ችግር የሚያትት ረቂቅ አዘጋጅቼ አቀረብሁ። አንብበው መለሱልኝ። «ይህ ሰው እህሉን በእጁ ይዞታል፤ ምንስ ብንለው ያምነናል? ጥፋቱ የእኛ ነው በለው፤ ከየት እንደ መጣ ንገረው፤ ማስበጠሪያውንም እኛ እንከፍላለን በለው» አሉኝ። እንደ ታዘዝሁት ጻፍሁ።

ገዢው ሁለቱን ኮንቴይነሮች በቅናሽ ተቀበለ፤ በዚያው አገር በእኛ ኪሣራ ተበጠሩ። በዚያ ዓመት ቤታችን ከስሮአል፤ አንድ የማበጠሪያ መኪና ለመግዛት የተቀመጠው ገንዘብም በዚሁ ሄደ። ገዢው ግን ከዓመት በኋላ አንድ ኮንቴይነር ብቻ አዘዘ፤ እርሱም ሲፈተን እንደ ናሙናው ሆኖ ስለ ተገኘ ዛሬም ደንበኛችን ነው። «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር» እንደሚባለው ሁሉ ትምህርቱን በውድ ዋጋ ገዛነው።

እህል የትውልድ ቦታ አለው

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፥ ሰሊጥ ሁሉ አንድ ሰሊጥ አለመሆኑን ነው። የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ በነጣ ያለ መልኩና በጣዕሙ ለጣሂናና ለዳቦ ይፈለጋል፤ የወለጋው ደግሞ ለዘይት መጭመቂያ ይመረጣል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሁመራ ጎንደርንና የወለጋን ሰሊጥ በየመደቡ ለይቶ ደረጃ አውጥቶላቸዋል። ይህን የለየውን ነገር በመጋዘኑ መልሶ የሚቀላቅል ነጋዴ ራሱ የራሱን ዋጋ ይቀንሳል።

የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን ከቡና አይተናል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ክርክር ከተነሣ በኋላም በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ስም ይህን ያህል ካከራከረ፥ ስሙን የተሸከመውን ጆንያ በጥንቃቄ መያዝ የነጋዴው ፈንታ ነው።

በጥራጥሬም ነገሩ እንዲሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ በአውሮፓ ለቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ይሄዳል። እነዚህ ፋብሪካዎች ቦሎቄውን በአንድ ጊዜ ስለሚቀቅሉት መጠኑና ዕድሜው እኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ያለፈው ዓመት ቦሎቄ ከዘንድሮው ጋር ከተደባለቀ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ገዢው ይህን አስቀድሞ አያይም፤ ከድስቱ ሲወጣ ግን ያየዋል።

ንጽሕና የሚጀመረው ከአውድማ ነው

በማበጠሪያ ቤት የሚወጣው አፈር በአብዛኛው የሚገባው ሰሊጡ በመሬት ላይ ሲራገፍ ነው። ገበሬው የታሰረውን ሰሊጥ ደርቆ ሲከፈት በሸራ ላይ ቢያራግፈው፥ አፈሩ ቀድሞውኑ አይገባም። ስለዚህ ላኪው ለአቅራቢው ሸራ ቢሰጥ ወይም ንጹሑን ሰሊጥ በተሻለ ዋጋ ቢገዛ፥ ወጪውን ከማበጠሪያው ኪራይ ያገኘዋል።

ይህ የክብደት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በሚገባው ሰሊጥ ላይ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሐዋስያን ለማግኘት የሚደረገውን ምርመራ አጥብቆአል። አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ በመድኃኒት እንግደለው» ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከህንድ ወደ አውሮፓ በተላከ ሰሊጥ ውስጥ ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባል በዚያ የተከለከለ መድኃኒት ስለ ተገኘ፥ ሰሊጡ የገባባቸው እጅግ ብዙ ምግቦች ከየመደብሩ እንዲሰበሰቡ ተደርጎአል። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ እርሱም ከአውድማ እስከ መጋዘን ንጽሕናን መጠበቅ ነው።

ጆንያውም ከእህሉ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባላት ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ግዢውም በእጅጉ ተሰናከለ። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ገበሬው በማሳው ያላኖረው መርዝ በጆንያ ምክንያት የአገርን ስም ሊያጎድፍ ከቻለ፥ ጆንያ ሲገዛ «ቀድሞ ምን ተጭኖበት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም።

ስለ ሰነድ ጥቂት ምክር

ባንክ እህል አያይም፤ ወረቀት ያያል። ክፍያው በኤል ሲ ሲሆን ባንኩ የሚከፍለው ሰነዱ ከኤል ሲው ቃል ጋር ሲስማማ ነው። በሥራዬ ዘመን ክፍያ ሲዘገይ ካየሁባቸው ምክንያቶች የበዙት ጥቃቅን ናቸው፤ የድርጅቱ ስም በኢንቮይሱ ላይ በአንድ ፊደል፥ በቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ በሌላ ፊደል መጻፉ፤ የጆንያው ብዛት በሁለት ወረቀት ላይ መለያየቱ፤ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት መርከቡ ከሄደ በኋላ መቈረጡ። ስለዚህ፥

አንደኛ፤ የድርጅታችሁን ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስናችሁ በንግድ ፈቃዱም፥ በባንኩም፥ በትራንዚተሩም ዘንድ ያንኑ ብቻ ተጠቀሙ።

ሁለተኛ፤ ኤል ሲው እንደ ደረሰ ዕቃ ከመጫኑ በፊት አንብቡት። ልትፈጽሙት የማትችሉት ቃል ቢኖር ያን ጊዜ እንዲታረም ጠይቁ።

ሦስተኛ፤ በኤል ሲው ሌላ ቀን ካልተጻፈ ሰነዱ መርከቡ ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አትርሱ። በክብደቱ ፊት «ያህል» የሚል ቃል ቢገባ እስከ 10 በመቶ መብለጥና ማነስ ይፈቀዳል፤ ይህ ቃል ከሌለ ግን ይህ ነፃነት የላችሁም።

አራተኛ፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ወስዳችሁ፥ በገዢው ወይም በመርማሪው ፊት አሽጋችሁ፥ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ክርክር ቢነሣ የሚመሰክርላችሁ ያ ትንሽ ከረጢት ነው። እኛ በዚያን ጊዜ ይህ አልነበረንም።

አዲስ በሮችና አዲስ ደንቦች

ጊዜው ለላኪ መልካም ነገር አምጥቶአል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የላኪው ገቢ በብር ሲታሰብ ከፍ ብሎአል። ቻይናም ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ እጅግ ባልበለጸጉ አገሮች ዕቃዎች ላይ የነበረውን ቀረጥ ፈጽማ አንሥታለች። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. የወጣ መመሪያ የውጭ አገር ሰዎች ቡና፥ የቅባት እህልና ጥራጥሬ እንዲልኩ ስለ ፈቀደ፥ ተወዳዳሪያችን ከጎረቤት ሱቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ደንቡም እየጠበቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልበቀለ ለመሆኑ የማሳው ቦታ በካርታ ተለክቶ እንዲታወቅ ያስፈልጋል። የሚፈጸምበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሞአል፤ መራዘሙ ግን መዘጋጃ ጊዜ ነው እንጂ መተኛ ጊዜ አይደለም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ሰሊጥ ያለበት ምግብ ሁሉ በመጠቅለያው ላይ ሰሊጥ መኖሩን እንዲገልጽ ግዴታ ሆኖአል። ይህ በዋሺንግተንና በሌሎችም ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሽሮ፥ በርበሬና ቆሎ አሽጎ የሚልክ ነጋዴን በቀጥታ ይነካዋል።

በመጨረሻም በአንድ በር ብቻ መደገፍ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ህንድ የራስዋን ገበሬ ለመጠበቅ ስትል በማሾና በርግብ አተር ግዢ ላይ ገደብ፥ በሽምብራም ላይ ቀረጥ ጣለች። ዕቃውን ሁሉ ለአንድ አገር ያዘጋጀ ላኪ በእንዲህ ያለ ቀን መጋዘኑ ሞልቶ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ገዢ አገሮችን በትንሽ በትንሹ መለማመድ ይሻላል።

ለምክር ቤታችን የሚቀርብ ሐሳብ

ትንንሾቹ ነጋዴዎች አንድ ኮንቴይነር ለብቻቸው መሙላት ሲያቅታቸው፥ ያገኙትን ሁሉ ቀላቅለው ለመጫን ይገደዳሉ። የእኛም ስሕተት የተወለደው ከዚሁ ነው። ምክር ቤቱ የታሸጉ ናሙናዎች በቀንና በቁጥር የሚቀመጡበት አንድ ክፍል ቢያዘጋጅ፥ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው እህል ያላቸው አባሎችም አብረው እንዲጭኑ ቢያገናኝ፥ ብዙ ክርክርና ብዙ ኪሣራ ይቀር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ሽማግሌው ነጋዴ ዛሬ ወደ መጋዘን እምብዛም አይወርዱም። ነገር ግን ጭነት በሚነሣበት ቀን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይልኩብኛል፤ «ከረጢቱ ታሽጎአል?» ይላሉ። እኔም ቁጥሩን ከመዝገብ አይቼ «ታሽጎአል» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሰነዱ ወደ ባንክ የሚሄደው።