የጤና ኢንሹራንስና የዕድር ሒሳብ

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ያልገባኝን ነገር መጀመሪያ ቁጥሩን ፈታትቼ ማየት ልማዴ ነው። ባለፈው ወር የግል የጤና ኢንሹራንሴ ማደሻ ደብዳቤ ደረሰኝ። አምና በወር 91 ፓውንድ የነበረው ክፍያ ዘንድሮ 112 ሆኗል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም።

በዚያው ሳምንት እዚህ ለንደን በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህና ንገረኝ። ለጉልበቴ ወረፋ ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን ኢንሹራንስ የሚሉትን ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» እኚህ እናት ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። የእሳቸው ጥያቄና የእኔ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንየው። ከ112ቱ ፓውንድ ውስጥ 12ቱ የሚገባው ለኩባንያው ሳይሆን ለመንግሥት ነው። የኢንሹራንስ ግብር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሲጀመር 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሌበርም የኮንሰርቫቲቭም መንግሥታት ሲጨምሩበት ቆይተው በ2017 12 በመቶ ደረሰ። ለሕክምና የሚገባ ኢንሹራንስ ለመኪና ከሚገባው እኩል ይቀረጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ኩባንያው በየዓመቱ አንድ ዓመት እንዳረጀሁ ያውቃል። ሦስተኛው ወረፋው ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከኮቪድ በፊት አራት ሚሊዮን ተኩል ገደማ የነበረው የሚጠበቅ ሕክምና ብዛት በ2023 ከ7.7 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ከመቶ 92ቱ ታካሚ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ይጀምር የሚለው መመሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሟላው በ2016 መጀመሪያ ነው። ወረፋ የሰለቸው ሰው ወደ ግል ሲሄድ የኢንሹራንሶቹ ወጪ ይጨምራል፤ ወጪው ደግሞ ተመልሶ በከፋዩ ላይ ይወድቃል።

አራተኛው ምክንያት ተንኮለኛ ነው። ዋጋ ሲጨምር ቀድመው ጥለው የሚሄዱት ወጣቶችና ጤነኞች ናቸው። የሚቀሩት ሕክምና የሚያሻቸው ስለሆኑ ወጪው ለጥቂት ሰው ይከፋፈላል፤ ዋጋውም እንደገና ይጨምራል። ያኔ ደግሞ ሌሎች ይወጣሉ።

አሁን ይህን ከዕድራችን ጋር እናነጻጽር። በዕድር ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ያዋጣል። አርጅተሃልና ጨምር የሚል ዳኛ የለንም። የግል ኢንሹራንስ ግን ዕድሜህን፣ የምትኖርበትን ሰፈርና የቀድሞ ሕመምህን ቆጥሮ ነው ዋጋ የሚቆርጥልህ። በአብዛኛው ስኳርን፣ ደም ግፊትንና አስምን የመሰለ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ ሕመም አይሸፍንም፤ ድንገተኛ ክፍልንም እንዲሁ። ከመግባትህ በፊት የነበረብህንም ሕመም ቢያንስ ለተወሰነ ዓመት ያስቀረዋል። ታዲያ እኚያ እናት ቢገቡበት የሚከፍሉት ለማያገኙት ነገር ነበር።

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር ግን አለ። ኤን ኤች ኤስ የሚባለው የዚህ አገር የጤና አገልግሎት ራሱ ከዕድር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በደቡብ ዌልስ ትሬዴጋር በምትባል ከተማ የከሰል ማዕድንና የብረት ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ ሐኪም የሚቀጥሩበት ማኅበር ነበራቸው። አናይሪን ቤቫን የዚያች ከተማ ልጅ ነው። የጤና ሚኒስትር ሆኖ በጁላይ 1948 ኤን ኤች ኤስን ሲያስጀምር፣ ያችን የሠፈር መዋጮ በአገር ልክ አሰፋት።

የአገራችን ገበሬም ይህ ሒሳብ አይጠፋውም። በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የቆመው ቤተሰብ በየዓመቱ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። የድሃ ድሃ ለሆነው መንግሥት ይከፍልለታል።

እንግዲህ መንግሥት ምን ያድርግ? በ1990 የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ የግል ኢንሹራንስ ገዢዎች የግብር ቅናሽ ሰጥቶ ነበር፤ በ1997 ሌበር ሥልጣን እንደያዘ አነሳው። ዛሬም ቅናሹ ይመለስ የሚሉ አሉ። እኔ ገዢ ብሆንም አልስማማም። ገንዘቡ የሚደርሰው መክፈል ለሚችለው ለእኔ እንጂ ለእኚያ እናት አይደለም። ያው ገንዘብ ወረፋውን ቢያሳጥር ግን ሁለታችንንም ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ወደ ግል የሚሸሸው ወረፋ ፈርቶ ነውና።

ፍትሕ የጎደለበት ሌላም ቦታ አለ። በቪዛ የሚመጣ ሰው የሚከፍለው የጤና ክፍያ በ2015 ሲጀመር በዓመት 200 ፓውንድ ነበር፤ በ2024 ለአዋቂ 1,035 ሆነ። በአምስት ዓመት የሥራ ቪዛ የሚመጣ ወገናችን 5,175 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሥራ ሲጀምር ደግሞ እንደማንኛውም ሠራተኛ ግብር ይቆረጥበታል። ጥገኝነት ጠያቂዎችና ስደተኞች ከዚህ ነጻ መሆናቸው መልካም ነው። ግን አንድን ዕድር ሁለት ጊዜ ማዋጣት የትኛው ዳኛ ይፈርዳል?

ለእኚያ እናት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። «እትዬ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። በእንግሊዝ ሕግ ጂፒዎ ወደ ስፔሻሊስት ሲልክዎ ሆስፒታል የመምረጥ መብት አለዎት። ከኤን ኤች ኤስ ጋር ውል ያላቸው የግል ሆስፒታሎችም ከምርጫው ውስጥ አሉ፤ አንዲት ፔኒ አይከፍሉም። ወረፋው አጠር ያለበትን ይጠይቁ።» ይህን መብት እንዳላቸው ከዚያ በፊት የነገራቸው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ አብሬያቸው ጂፒው ዘንድ ሄድኩ።

እኔስ? እውነቱን ልናገርና የራሴን አድሼዋለሁ። ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬን አጥቼ ወረፋ መጠበቅ ፈራሁ። ግን ያደስኩት የወረፋ መዝለያ መሆኑን አውቄ ነው። አርጅቼ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሲሆን የምመለሰው ወደዚያው ወደ ትልቁ ዕድር ነው። እስከዚያ ድረስ ካልጠበቅነው ቆሞ አናገኘውም።

ቸር ይግጠመን።