እስከ መቶ የሚቆጥር ልጅ ቁጥር ያውቃል?

በወላይታ ሶዶም ሆነ በቦዲቲና በአረካ፣ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ቁጠርላቸው» ይባላል። ሳይደናቀፍ መቶ ሲደርስ ይጨበጨብለታል፤ ሂሳብ እንደሚችልም ይወራል። ልጁ የያዘው ግን የቃላቱን ቅደም ተከተል ነው። መጠኑ ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ እፍኝ በቆሎ ፊቱ አፍስሶ «ሰባት ስጠኝ» ማለት ይበቃል። አንዱ ልጅ የመጣለትን ያህል ዘግኖ ይሰጣል። ሌላው አንድ፣ ሁለት እያለ በትክክል ሰባት ያወጣል፤ «ስንት ሰጠኸኝ?» ሲባል ግን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ለእሱ ሰባት ማለት መጨረሻ የነካት ፍሬ ስም ናት። ይህ ሳይገባው ወደ መደመር የተወሰደ ልጅ የሚደምረው ምልክት ብቻ ነው።

«በጣት መቁጠር ያሰንፋል» የሚባለውም አብሮን የኖረ እምነት ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ልጆች እጃቸውን ዴስክ ስር ደብቀው ይቆጥራሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ጣታቸውን የሚጠቀሙ ልጆች በሂሳብ ብዙውን ጊዜ የተሻሉ መሆናቸውን ነው። እያደጉ ሲሄዱ አብዛኞቹ ራሳቸው ይተዉታል። አራተኛ ክፍል ደርሶ 8 እና 7ን ለመደመር ከአንድ የሚጀምር ልጅ ካለ፣ 8 አስር ለመሙላት 2 እንደሚቀረው፣ 2 ከ7 ላይ ሲነሳ 5 እንደሚተርፍ ያሳየው የለም። ይህን ለማሳየት አሥራ አምስት ቆርኪ ይበቃል፤ ቁጣ ምንም አይጨምርም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ «የገበያ ሂሳብ ሌላ፣ የትምህርት ቤት ሂሳብ ሌላ» የሚለው ነው። ሶዶ ገበያ አቮካዶ የሚሸጥ ልጅ አንዱ 15 ብር ቢሆንና አራት ቢገዙት «ሁለቱ 30፣ ሁለቱ 30፣ 60 ብር» ይላል። ያው ልጅ ደብተሩ ላይ 4 × 15 ሲሰጠው 420 ሊጽፍ ይችላል፦ 4 ጊዜ 5፣ 20፤ 4 ጊዜ 1፣ 4፤ ከዚያ ጎን ለጎን። ለአራት አቮካዶ 420 ብር ግን ማንንም አይጠይቅም። ቴሬዚኛ ካራሄርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በብራዚሏ ሬሲፌ አሳይቷል። ጎዳና ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆች በሽያጭ መሃል ከተጠየቁት 98 በመቶውን በትክክል መለሱ፤ ስሌቱ ብቻውን በወረቀት ሲሰጣቸው 37 በመቶ ገደማ ብቻ። ከወላይታ ወጥተው አዲስ አበባ ሊስትሮ የሚሠሩና ሎተሪ የሚያዞሩ ልጆች መልስ ሲሰጡ ያየ ሰው የሬሲፌው ነገር አይደንቀውም። መምህሩ መልሱን ከማረሙ በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ 30 እና 30 ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይወጣ ነበር።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቆጥር ይፈልጋል፤ በኋላ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር ስጋቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ በወላይትኛም በአማርኛም 11 ሲጠራ አስሩ ከነአንዱ ይሰማል፤ «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ላይ ግን አስሩ ለልጅ ጆሮ አይሰማም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መፍቀዱ ለሂሳብም ጠቅሟል። እንጨቶችን አስር አስር አስሮ 34 እና 43ን በቤቱ ቋንቋ ያወዳደረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ስም በኋላ ይጨምርበታል።

«የሂሳብ ጭንቅላት የለውም» የሚባለው ልጅስ? በቁጥር ላይ ለየት ያለ የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች በእርግጥ አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ከ3 እስከ 7 ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ቢበዛ አራት ልጅ መሆኑ ነው፤ እነሱም ጊዜና የሚዳሰስ ነገር ካገኙ ይሻሻላሉ። በዚያው ክፍል ሃያ ልጅ ከወደቀ ግን ወደ አንደኛ ክፍል ትምህርት ተመልሶ እንጨቱን እንደገና አስር አስር ማሳሰር ያስፈልጋል።