ለምን እዚያ አልጠየቁም?

የአሳይለም ቅጽ ሲሞላ ሰው የሚጨነቀው እስርና ድብደባውን ሲናገር ይመስላል። በእኔ ልምድ ግን እሱን አልቅሶም ቢሆን ይናገረዋል። ብዙው ሰው ድንገት ዝም የሚለው ወደ መጨረሻው፣ ሦስተኛው ክፍል ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ነው። ከአገርዎ ወጥተው አሜሪካ እስኪገቡ በሌላ አገር አልፈዋል ወይስ ኖረዋል? ምን ወረቀት ነበረዎት? ለምን ለቀቁ? ተመልሰው በሕጋዊነት መኖር ይችላሉ? እዚያ ጥገኝነት ጠይቀው ነበር? ካልጠየቁስ ለምን? ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ቦታ አንዲት ጠባብ ሳጥን ናት።

የምሠራው ደንዉዲ፣ ፔሪሜትር አካባቢ ባለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። የጠበቃ ረዳት ነኝ፤ ታሪክ እሰማለሁ፣ ቀን ከቀን አመሳክራለሁ፣ ማስረጃ እሰበስባለሁ። ከክላርክስተን፣ ከስቶን ማውንቴን፣ ከዲኬተር የሚመጡት የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ በጎረቤት አገር ያለፉ ናቸው፤ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ጅቡቲ። ያችን ሳጥን ሳይፈራት የሞላት ሰው ማየቴን አላስታውስም።

በቅርቡ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው መጡ። መለያቸውን ቀይሬዋለሁ። ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ዓመታት ኖረዋል። ጥያቄው ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሱዳንን እንዝለላት» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ካርድ ነበረኝ። ኬዝ የሚጽፍ አንድ ልጅ፣ ካርድ እንዳለህ ካወቁ ወደዚያው ተመለስ ይሉሃል ብሎኛል።»

ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኛ ካርድ አወጡ። ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ ፎቶው ደብዝዟል፤ ግን ያን ሁሉ አገር አብሯቸው ዞሯል። ታዲያ ካርድ እያለዎት ለምን ወጡ ብላቸው ሳቅ አሉ። «ሁለቱ ሲታረቁ ነዋ! አልበሽርና የእኛዎቹ ሲኮራረፉ ዞር ብሎ የሚያየን የለም። የተስማሙ ዕለት ነው ቤት ለቤት የሚፈልጉን።»

ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። አትላንታ ውስጥ ኬዛቸውን ለሚያየው መኮንን ወይም ዳኛ ግን ጎረቤት አገር ማለት ሸሽተህ የምትድንበት ቦታ ነው፤ ድነህ ሳለ ለምን ትተኸው መጣህ ነው ጥያቄው። ስለዚህ ያችን የጋሼን አንዲት ዐረፍተ ነገር በታሪክና በሰነድ መደገፍ የእኔ ሥራ ይሆናል።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እዚያው አዲስ አበባ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብአዊ ተግባር እንደሆነ፣ የትኛውም አባል አገር እንደ ጠላትነት ሊያየው እንደማይገባ ይደነግጋል። ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር በግድ መመለስን ይከለክላል። ስደተኞች ከመጡበት ድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ፣ በትውልድ አገራቸው ላይም ነፍጥ እንዳያነሱ ይላል። ጎረቤታሞች በስደተኛ ምክንያት እንደሚጣሉ ፈራሚዎቹ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ስደተኛውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን እርቁ መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ቢሮ ውስጥ ነው።

ምስክሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ285 አውራ ጎዳና ጥቂት ወረድ ብላችሁ ክላርክስተን ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ አሜሪካ ከተቀበለቻቸውና «ሎስት ቦይስ» ከሚባሉት የደቡብ ሱዳን ወጣቶች አንዳንዶቹ የሰፈሩት በዚህ በአትላንታ ዙሪያ ነው። ልጅ ሳሉ ጋምቤላ ውስጥ፣ ፒኝዶ ካምፕ ነበሩ። ደርግ ከካርቱም ጋር ስለተቃረነ የጆን ጋራንግን ጦር ያስጠልል ነበር፤ ካርቱምም በአጸፋው የእኛን አማፅያን። ግንቦት 1983 ላይ ደርግ ወደቀ፣ አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ የካርቱም ወዳጆች ነበሩ። ኢታንግ፣ ፒኝዶና ዲማ በአጭር ጊዜ ውስጥ ባዶ ቀሩ። ሕፃናቱ በተኩስ ተሳደው፣ የሞላውን የጊሎ ወንዝ ሊሻገሩ ገብተው ብዙዎቹ እዚያው አለቁ፤ የተረፉት በእግር ተጉዘው ካኩማ፣ ኬንያ ደረሱ። ልጆቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ወንበሩ ሰው ለወጠ፣ ይኸው ነው።

የኤርትራውያኑም ከዚህ አይለይም። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በተፋጠጡበት ዘመን ሁሉ፣ ከኤርትራ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ያለ ብዙ ጥያቄ በስደተኝነት ይመዘገብ ነበር። ሐምሌ 2010 አስመራ ላይ ሰላም ተፈረመ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። እኛም እዚህ ሆነን በቴሌቪዥን እያየን ተቃቅፈናል። ጥር 2012 ላይ ግን ያ የጅምላ እውቅና ቆመ። ቀጥሎ በመጣው የትግራይ ጦርነት ሽመልባና ሕጻጽ ካምፖች ወደሙ፣ ከነዋሪዎቻቸውም በግድ ወደ ኤርትራ የተወሰዱ አሉ። ለተፈናቀሉት ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የሚባል መጠለያ ተከፈተ። ኤርትራዊ ደንበኛ መጥቶ «ኢትዮጵያ ለምን አልቆዩም?» የሚለው ጋ ሲደርስ የማያይዝለት ሰነድ ይህንን የሚያሳይ ነው፤ የሰላም ስምምነቱ ቀን ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ማን ያስበው ነበር?

ጠቡም ቢሆን ለስደተኛው በረከት ነው እያልኩ አይደለም። ከኅዳር 2013 ጀምሮ ከ60,000 በላይ ሰው ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገባ፣ በዚያው ሰሞን የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ዘልቋል። ሐምዳይትና ኡም ራኩባ ያለ እናት በጀርባዋ ልጅ አዝላ የቆመች ስደተኛ ብቻ ሳትሆን፣ የሁለት መንግሥታት መካሰሻ ሆነች። አብዬ ላይ በሰላም አስከባሪነት ከነበሩ ወታደሮቻችን በርካቶቹ ሱዳን ጥገኝነት ሲጠይቁማ ነገሩ የባሰ ከረረ። ሚያዝያ 2015 ላይ ደግሞ ካርቱም ራሷ ነደደችና ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ፈለሱ። ኩመርና አውላላ ካምፖች ከገቡት መካከል፣ ዘረፋና ግድያ ስላስመረራቸው በሚያዝያ 2016 ካምፑን ጥለው ጫካ ዳር የሰፈሩት ከ1,000 በላይ ነበሩ። ነገ ከእነዚህ አንዱ ደንዉዲ ቢመጣ «ኢትዮጵያ ለምን አልቆየህም?» መባሉ አይቀርም።

ስለ ጋሼ ፋይል ልመለስ። መንግሥታት ሲወዳጁ ሰው ተላልፎ እንደሚሰጥ ለማሳየት የምጠቅሳቸው ሁለት ጉዳዮች አሉኝ፤ ሁለቱም የ2006 ዓ.ም. ናቸው። የቀድሞው የጋምቤላ ፕሬዚዳንት አቶ ኦኬሎ አኳይ የኖርዌይ ዜግነት ይዘው ጁባ ላይ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። የተቃዋሚ ፖለቲከኛው አቶ አንዳርጋቸው ጽጌም የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዘው የመን፣ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ። የአውሮፓ ፓስፖርት ያላዳነውን ሰው የተሰነጠቀ የስደተኛ ካርድ ያድነዋል ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣ።

ሰው መላሿና «ተቀበሉኝ» ባይዋ አሜሪካ ራሷ ስትሆንስ? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ደቡብ ሱዳን አንድ ተመላሽ ሰው አልቀበልም ስላለች፣ የአገሪቱን ፓስፖርት የያዘ ሰው ሁሉ ቪዛው ተሰረዘበት። ሰውየው የኮንጎ ዜጋ ነው ብላ ነበር ጁባ የተከራከረችው። ክላርክስተን ውስጥ ስንት ቤት እንደተደናገጠ መገመት አያዳግትም። ከወራት በኋላ ደግሞ ስምንት ሰዎች ጅቡቲ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በኮንቴይነር ውስጥ ለሳምንታት ተይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ ደቡብ ሱዳን ተላኩ፤ ከእነሱ ውስጥ የአገሩ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ነገር ነው። ኬዝ ጸሐፊዎች «ጎረቤት አገር መኖርህን ደብቅ» ሲሏችሁ አትስሟቸው። ሕጉ የሚከለክለው በሌላ አገር በቋሚነት የመኖር ዕድል ተሰጥቶት የተደላደለን ሰው ነው፤ ከካምፕ መውጣትም ሆነ መሥራት የማይፈቅድ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አይቆጠርም። ይህን ጠበቃችሁ ይወስን። የተደበቀ ዓመት ግን በፓስፖርት ማህተም፣ በፌስቡክ ፎቶ፣ በወንድማችሁ ፋይል በኩል ይወጣል፤ ቅጹ በመሐላ የሚፈረም ስለሆነም ሆን ብሎ ታሪክ መፍጠር ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለቄታው ያሳግዳል።

ስለዚህ ካርዳችሁን፣ የራሽን ወረቀታችሁን፣ ከካምፕ የተላከች ደብዳቤ ብትሆን እንኳ ይዛችሁ ኑ። ያ አገር ለእናንተ ማስፈራት የጀመረበትን ወር አስታውሱ፤ ያን ሰሞን ማን ከማን ጋር እንደተስማማ እኛ እንፈልጋለን። ብቻ አትዘግዩ፤ ማመልከቻው መግባት ያለበት አሜሪካ ከገባችሁ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው።