የተሰረቀ ማኅተም በመዝገብ ይታወቃል

ማኅተም ለባለቤቱ ቃል ምስክር ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው የላኪውን ፊት ሳያይ፥ ድምፁንም ሳይሰማ፥ በማኅተሙ ብቻ አምኖ ትእዛዙን ይፈጽማል። ስለዚህ ማኅተም የሰረቀ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ሰረቀ አይባልም፤ የባለማኅተሙን ስምና ሥልጣን ጭምር ሰርቋል።

ዛሬ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፥ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ኹሉ፥ የመንግሥትና የባንክ ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሻገር ላይ ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ የማኅተም ሥራ የሚሠሩ ነገሮች ኹለት ናቸው። አንደኛው ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው ምስጢራዊ ቊልፍ ነው፤ ይኸውም እጅግ ረዥም የኾነ ቊጥር ነው። ኹለተኛው ሰርተፊኬት ነው፤ ይኸውም ቊልፉ የእገሌ መኾኑን የታመነ አካል የሚመሰክርበት ጽሑፍ ነው። ሰርተፊኬቱን ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ቊልፉን ሌባ የቀዳው እንደ ኾነ ግን በባለቤቱ ስም እየፈረመ እንደ ወደደ ያዝዛል።

የነሐስ ማኅተም ሲሰረቅ ከሣጥኑ ይጐድላል፤ ጠባቂውም ወዲያው ያውቃል። የኮምፒዩተር ቊልፍ ግን ሲቀዳ ከስፍራው አይጐድልም። በርሱ የተፈረመውም ፊርማ ከእውነተኛው በምንም አይለይም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ስታክስኔት የተባለው ጐጂ ፕሮግራም በተገኘ ጊዜ፥ ሪልቴክና ጄማይክሮን በሚባሉ ኹለት የታይዋን ኩባንያዎች ቊልፍ የተፈረመ ኾኖ ተገኘ። ፊርማው ትክክለኛ ስለ ነበረ ኮምፒዩተሮች እንደ ወዳጅ ተቀበሉት። እንግዲህ ስርቆቱ ማኅተሙን በመመርመር የማይታወቅ ከኾነ በምን ይታወቃል?

የጎጃም ሊቃውንት የዚህን መልስ አስቀድመው ያውቁታል። በመርጡለ ማርያም፥ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ የርስትና የጉልት ስጦታ፥ የሽያጭም ውል፥ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ከምስክሮች ስም ጋራ ይጻፍ ነበር። ውሉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሳይኾን በደብሩ መጽሐፍ ስለሚኖር፥ ሐሰተኛ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነገሩ አይቀናውም። እውነትን የሚጠብቃት የማኅተሙ ውበት አይደለም፤ ብዙ ዐይን የሚያየው መዝገብ ነው።

ይህን የዘነጋ ሰው የሚደርስበትን ጥፋት የሆላንዱ ዲጂኖታር ታሪክ ያስረዳል። ይህ ኩባንያ ሰርተፊኬት የሚሰጥ፥ የአገሩም መንግሥት ያመነው ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሌቦች በመረቡ ገብተው ጎግልን በመሰሉ በታላላቅ ድርጅቶች ስም ከ500 የሚበልጡ ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶች አወጡ። ኩባንያው በሐምሌ ነገሩን ቢያውቅም ለሕዝብ ሳያስታውቅ ዝም አለ። በነሐሴ መጨረሻ በኢራን አንድ ሰው ደብዳቤውን ሊያነብ ሲል፥ የጎግልን ሰርተፊኬት እነማን እንደሚሰጡ አስቀድሞ የተጻፈለት ክሮም የተባለው ፕሮግራም አስጠነቀቀው፤ ምስጢሩም ተገለጠ። በሐሰተኛው ሰርተፊኬት ምክንያት ለአደጋ የተጋለጡት አድራሻዎች 300,000 ያህል ሲኾኑ፥ ከጥቂቱ በቀር ኹሉም በኢራን ነበሩ። ኩባንያውም በመስከረም ወር ከሰረ። ስርቆቱ ቢጐዳውም ዝምታው ጨረሰው።

ከዚህም በኋላ የኢንተርኔት ባለሙያዎች ለድረ ገጾች የሚሰጡ ሰርተፊኬቶች በግልጽ የሚጻፉበትን መዝገብ አቋቋሙ፤ ደንቡም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ መዝገብ ላይ መጨመር ይቻላል፤ መፋቅ ግን ሳይታወቅ አይቻልም። ማንኛውም መሥሪያ ቤት መዝገቡን ቢመለከት፥ ሳያዝዝ በስሙ የወጣ ሰርተፊኬት መኖር አለመኖሩን ያያል።

ቊልፉ ለተቀዳበት ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ የራሱ የሥራ መዝገብ ያስፈልገዋል። በደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የሒሳብ ሹም በቢሮው ፈርሞ፥ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያው ቊልፍ ከሩቅ አገር ቢፈርም፥ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በኹለት ስፍራ ሊገኝ አይችልምና የስርቆት ምልክት ነው። በሌሊት ወይም በበዓል ቀን የተሰጠ ያልተለመደ ፊርማ፥ ቊልፉንም ሊያነብ የማይገባው ፕሮግራም ማንበቡ እንደዚሁ ያጠራጥራል። ነገር ግን ይህን ምልክት የሚያየው ሰዓቱንና ስፍራውን የመዘገበ፥ የመዘገበውንም ዘወትር የሚመረምር ነው። ከዚህም ጋራ ቊልፉ ሊቀዳ በማይችልበት ልዩ መሣሪያ ውስጥ ቢቀመጥ፥ የሰርተፊኬቱም ዘመን አጭር ቢኾን የሌባው ዕድል ይጠባል።

ሕጉም ተሠርቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዚህ ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር ወንጀል መፈጸሙን ባወቀ ጊዜ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

ስለዚህ ቊልፉ የተሰረቀበት ሹም ነውርን ፈርቶ ነገሩን ሊሰውር አይገባውም። በዚያው ሰዓት አስታውቆ ሰርተፊኬቱን ቢያሽር የሌባው ፊርማ ዋጋ ያጣል፤ ቢዘገይ ግን የሌባው ትእዛዝ በርሱ ስም ሲፈጸም ይውላል። አለቆችም ፈጥኖ የተናገረውን ሰው ከማዋረድ ይልቅ ሊያመሰግኑት ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አያገኝምና።