የማይዝገው ጀልባ ምኑ ያረጃል?

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ የብርዱ ወራት አልፎ የሐይቆቹ በረዶ ሲቀልጥ፣ በየጓሮው ሸራ ለብሰው የከረሙ ጀልባዎች ይገለጣሉ። አንዳንዶቹ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። አራት አምስት ሜትር የሚረዝሙ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ናቸው፤ ቀለማቸው ተላልጧል፣ መቀመጫቸው ተቀዷል፣ ወለላቸው ሲረግጡት ይሰረጉዳል። ገዢው ጎናቸውን በጣቱ ቢያንኳኳ ግን ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላም ዝገት ያልነካው ቀጭን ላሜራ ይመልስለታል። ያገለገለ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝቶ ማደስ የብዙ አጥማጆች የጓሮ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሉሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚያረጀው ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጋባው ነገር ነው።

የዚህ ጀልባ የዘር ሐረግ ከጦር አውሮፕላን ይመዘዛል። ግራማን የተባለው ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖችን ይሠራ ነበር። በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ የነበረው ዊልያም ሆፍማን በአሜሪካ አዲሮንዳክ ተራሮች ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲጓዝ፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራው ታንኳ ትከሻውን አጎበጠው። ይህን ሸክም በአውሮፕላን ላሜራ ማቅለል እንደሚቻል የታየው ያኔ ነው። በ1945 ኩባንያው የአሉሚኒየም ታንኳ ማምረት ጀመረ፤ የተዋጊ አውሮፕላን አካል ይሰፋበት የነበረው ሪቬት ታንኳ ሰፋ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ዛሬም ስሙ የሚጠራው ላንድ የተባለ የጀልባ ፋብሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኒው ዮርክ ሚልስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተመሠረተ።

የአሉሚኒየም ክብደት ከብረት ሲሦ ያህል ነው። ባለ ሁለት ሰው ትንሽ ጀልባ በመኪና ጣሪያ ላይ ሊጫን የሚችለው ለዚህ ነው። አየር ሲነካው ደግሞ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ወዲያው ያበጃል፤ ቢፋቅም ራሱን መልሶ ይሸፍናል። በዚህ ምክንያት ለሐይቅ ውኃ ቀለም እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፦ በሪቬት የተሰፋ እና በብየዳ የተያያዘ። የተበየደው ሲሰነጠቅ ቀጭን አሉሚኒየም መበየድ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። የተሰፋው ግን ሲላላ በመዶሻ ይጠብቃል፤ ስለዚህም ለጓሮ አዳሽ ይመቻል።

ታዲያ ያረጀው የት ነው? መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። ከውጭ አሉሚኒየም ሲመስል በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው። የሞተሩ ብሎኖች በገቡበት ቀዳዳ ውኃ ለዓመታት ሲሰርግ እንጨቱ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረካከሳል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የሞተሩን የታችኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ዋጋው ላይ መደራደር፣ ወይም ትቶ መሄድ ነው።

እንጨቱን የሚተካ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ብልህ ምርጫ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ መድኃኒቶች ውስጥ መዳብ አለ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚህ ትዳር ውስጥ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ወለሉ ሥር ባለው ርጥብ ቦታ የተረሳ የመዳብ ሳንቲም እንኳ በጊዜ ብዛት ላሜራውን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ለደጅ አገልግሎት የተሠራ ተራ ኮምፔርሳቶ ተመርጦ ጠርዙና ቀዳዳው ሁሉ ኢፖክሲ የተባለውን ሙጫ ይጠጣል። ብሎኖቹ ስቴንለስ ይሆናሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በማሸጊያ ተለውሰው ይገባሉ እንጂ አሉሚኒየሙን በደረቁ አይነኩም። የጀልባውን ሆድ መቀባት የፈለገም መዳብ ያለበትን የባሕር ቀለም አይነካም።

ሁለተኛው የተደበቀ ነገር ወለሉ ሥር የተሞላው ፎም ነው። ጀልባው ውኃ ቢሞላም ሙሉ በሙሉ እንዳይሰጥም የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ ሊትር ደረቅ ፎም ራሱ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ እየመዘነ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል። ሲያረጅ ግን ውኃ ይጠጣል። የጣና ባለታንኳ ይህን ችግር ከማንም በላይ ያውቀዋል፦ የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠግብ ስለሚከብድ፣ ዳር ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል። ወለል ሥር የታፈነ ፎም ግን ፀሐይ አያይም። ጀልባው ከዓመት ዓመት እየከበደ፣ ሞተሩ እየደከመ ሲሄድ ባለቤቱ ሞተሩን ያማል። መድኃኒቱ ወለሉን ከፍቶ የጠገበውን ማውጣትና በአዲስ መተካት ነው። ቦታ ለማግኘት ብሎ ፎሙን አውጥቶ የዓሣ ሣጥን የሚያደርግ አዳሽ ሕይወት አድኑን እንደ ሸጠ ይቆጠራል።

ወለሉ ተከፍቶ ሳለ የሪቬቶቹ ተራ ይደርሳል። ጀልባው በተሳቢው ላይ እንዳለ ውስጡ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ይደረግበታል፤ ከሥር የሚያንጠባጥበው ቦታ ሁሉ በእርሳስ ይከበባል። እስከ አፉ መሙላት ግን ጥፋት ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና፣ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈውን ጀልባ በየብስ የሞላው ውኃ ያጣምመዋል። የላላውን ሪቬት ለማጥበቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ከውጭ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ በመዶሻ ይመታል። ያረጀው ይወጣና በአዲስ ይተካል። ሲሊኮን ለጥፎ ማለፍ ለአንድ ወቅት ቢያሻግርም ለሁለተኛው አያደርስም።

እስካሁን ጥገና ነበር፤ አሁን ማሻሻል ይጀምራል። ብዙ ሰው ቆሞ መንጠቆ ለመወርወር የሚመች ከፍ ያለ ወለል ከፊት ይሠራል። አጥማጁ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ስለዚህ ወለሉ ዝቅ ብሎ፣ የሥሩ ድጋፍም ከቀላል የአሉሚኒየም ማዕዘን ቢሠራ ይመረጣል። ከፊት የሚታሰረው ድምፅ አልባ የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪ ይፈልጋል። 100 አምፒር አወር የሚይዝ የሊድ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ተመጣጣኙ ሊቲየም የዚያን ግማሽ አይሞላም። ሽቦው ቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። መኪና ላይ እንደሚደረገው አካሉን የኔጌቲቭ መመለሻ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ኤሌክትሪክ ያገኘ አሉሚኒየም ውኃ ውስጥ በፍጥነት ይበላል። ለሌሊት በስተግራ ቀይ፣ በስተቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ መብራት ይኖራል። ተሳቢውም አይረሳ፦ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቶ መንገድ ላይ ከተቃጠለ ሐይቁ አይደረስም።

ለዚህ ሁሉ ልክ የሚያበጅ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከኅዳር 1972 ወዲህ የተሠሩ፣ ከ20 ጫማ ያነሱ ባለ አንድ ሆድ የሞተር ጀልባዎች ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚችሉ የሚናገር ሰሌዳ አላቸው፤ ሞተሩ በውጭ በሚታሰርባቸው ላይ የፈረስ ጉልበቱም ይገለጻል። አዲሱ ወለል፣ አዲሱ ባትሪ፣ አዲሱ ሣጥን የሚቀመጡት ከዚያው ክብደት ተቀንሰው ነው። 40 የፈረስ ጉልበት በሚለው ላይ 60 ያሰረ ሰው፣ ያ የኋላ ግድግዳ ያልተሠራበትን ጉልበት እየጠየቀው ነው። ሰሌዳው በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ ቀለሙን ፍቆ ማንበብ ይገባል።

አበው «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» ይላሉ። በበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው በሁለተኛው ዓመት ያነጠፈውን ራሱ ይቀዳል። ልምድ ያለው አዳሽ በተቃራኒው ወለሉን በሙጫ አይዘጋውም፤ በብሎን ያስረዋል፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተትም ይተውለታል። በየዓመቱ እጁን ሰዶ ፎሙን ይዳስሳል፤ ደረቅ ከሆነ ክዳኑን መልሶ ያጠብቃል። ላሜራው ከእሱም ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ሌላ ገዢ መጥቶ ጎኑን ሲያንኳኳ፣ ውስጡን ለማየት መጋዝ ሳይሆን መፍቻ ብቻ ይበቃዋል።